ዝምታ ሲያስከፍል፦ የብሮድባንድ ውል ሲቀየር የጎንደር ደንበኛ ምን መብት አለው?

መልእክቱ ብዙውን ጊዜ «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል። ወርሃዊ ክፍያው ከዚህ ቀን ጀምሮ ይህን ያህል መሆኑን፣ ወይም የጥቅሉ ፍጥነት መቀየሩን ይናገርና ለተጨማሪ መረጃ የሚደወልበትን ቁጥር አስቀምጦ ያበቃል። ተስማምተዋል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ፒያሳ ላይ ፔንሲዮን ያላቸው እናት፣ ማራኪ ግቢ አጠገብ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት የከፈተው ልጅ፣ አዘዞ ቤቷ ተቀምጣ ውጭ አገር ላለ ደንበኛ የምትሠራው ወጣት ሁሉም መልእክቱን አንብበው ትንሽ ያጉረመርማሉ፤ ቀኑ ሲደርስ በቴሌብር ይከፍላሉ። ነገሩ በዚያው ይረሳል።

ሕጉ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 ላይ በአግባቡ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የጸና ነው ይላል። ስለዚህ አንዱ ወገን ብቻውን ተነሥቶ አይለውጠውም። አንቀጽ 1763 ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ ሁኔታው ተለውጦ ግዴታው አስቀድሞ ከታሰበው በላይ ቢከብድ እንኳ ውሉ ጸንቶ ይቆያል። ይህን አንቀጽ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ካለው ኑሮ ጋር አያይዛችሁ አንብቡት። በዚያ ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የቴሌኮም ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው። ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ታሪፉን ከፍ አደረገ። ወጪው መናሩን የሚክድ የለም። ግን «ወጪ ጨመረብን» የሚለው ቃል ጭማሪው ለምን እንደተፈለገ ያስረዳል እንጂ የመጨመር መብት አይሰጥም። መብቱ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

ከየት ሊመጣ ይችላል? የመጀመሪያው ምንጭ ራሱ የተፈረመው ወረቀት ነው። አገልግሎት ማዕከል ሄደን መስመር ስናስገባ የምንፈርመው ቅጽ በጀርባው ወይም በአባሪው «አቅራቢው ታሪፉንና የአገልግሎቱን ሁኔታ ሊያሻሽል ይችላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሊኖረው ይችላል። ቅጹን አንብቦ የሚፈርም ሰው ጥቂት ነው፤ ወረፋው አያስነብብም፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅም «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብላ ጣቷን አስቀምጣ ትጠብቃለች። ሕጉ ይህን ዓይነቱን ሁኔታ አስቀድሞ ያሰበበት ይመስላል። አንቀጽ 1686 አንድ ድርጅት ለሁሉም ደንበኞቹ አንድ ዓይነት አድርጎ ያዘጋጃቸው የሥራ ሁኔታዎች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት ዐውቆ ከተቀበላቸው ነው ይላል። አንቀጽ 1738 ደግሞ እንዲህ ያሉ አስቀድመው የተዘጋጁ ቃላት ትርጉማቸው ሲያጠራጥር አዘጋጁን ሳይሆን ሌላውን ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል። እናም «ሊያሻሽል ይችላል» የሚለው ቃል ምን ያህል፣ በስንት ቀን ማስታወቂያ፣ በምን ምክንያት የሚለውን ካልተናገረ፣ ክፍተቱ የሚሞላው ለደንበኛው በሚያደላ ትርጉም ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የመንግሥት አካል ውሳኔ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንን ነው። ያው አንቀጽ 1686 ልዩ ሁኔታ አለው። የሥራ ሁኔታዎቹ በመንግሥት ሥልጣን የተወሰኑ ወይም የጸደቁ ከሆኑ፣ ደንበኛው ባያውቃቸውም ያስገድዱታል። የቴሌኮም ዘርፍ ተቆጣጣሪ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ታሪፍ ተጨመረ ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ለምን ተጨመረ?» አይደለም፤ «ባለሥልጣኑ አጽድቆታል ወይ? ያጸደቀው የትኛውን ክፍል ነው?» የሚለው ነው። ዋጋው ጸደቀ ማለት ከዋጋው ጋር ተጠቅልሎ የመጣው ሌላ ለውጥ ሁሉ ጸደቀ ማለት አይደለም። የጸደቀ የዋጋ ሠንጠረዥ ላይ በፍርድ ቤት ከመከራከር ይልቅ፣ ጸደቀ ያልተባለው ለውጥ ላይ አተኩሮ መከራከር እንደሚያዋጣ አምናለሁ።

ሦስተኛው ምንጭ ዝምታ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እየተባልን ነው ያደግነው፤ በውል ጉዳይ ግን ዝንቡ የሚገባው በተዘጋው አፍ ነው። መሠረቱ ጥሩ ነው፤ አንቀጽ 1682 ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። ወረድ ብሎ ያለው አንቀጽ 1684 ግን ቀድሞ የሥራ ግንኙነት ላላቸው ሰዎች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። አንዱ ወገን በመካከላቸው ያለውን ውል ለማራዘም ወይም ለማሻሻል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ሐሳቡን በተለየ ሰነድ ከላከና ተገቢ በሆነ ጊዜ ውስጥ መልስ ካልተሰጠው እንደተቀበሉት እንደሚቆጥር ከገለጸ፣ ዝምታው እንደ እሺታ ሊወሰድ ይችላል። የብሮድባንድ ደንበኛና አቅራቢ ደግሞ በየወሩ የሚገናኙ፣ የቆየ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ታዲያ ያ «ውድ ደንበኛችን» የሚለው አጭር መልእክት ይህን መስፈርት ያሟላል? መልእክቱ በስልክ መምጣቱ ብቻውን አይጥለውም፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የሚያጠያይቀው ይዘቱ ነው። «ካልተቃወሙ እንደተስማሙ እንቆጥራለን» የሚል ቃል አለው? የመቃወሚያ ቀን ሰጥቷል? የሚቀየረውን ከነዝርዝሩ ያሳያል ወይስ ወደ ድረ ገጽ ይመራል? ሁለት መስመር ማስታወቂያ፣ ያውም ከሎተሪና ከበዓል ስጦታ መልእክት መካከል ተደባልቆ የመጣ፣ ሕጉ «የተለየ ሰነድ» ያለው ነው ለማለት ይከብደኛል። በማኅበራዊ ገጽ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ደግሞ ጭራሽ አይደለም። ግን ዳኛው ፊት ቀርቦ ይህን ለመከራከር ደንበኛው አዲሱን ዋጋ ያለ አንድ ቃል ተቃውሞ ለወራት ሲከፍል አለመቆየቱ ይረዳዋል። እየከፈሉ ዝም ማለት ከዝምታም ይብሳል።

እዚህ ላይ የሸማቾች ሕግን የሚጠቅሱ ብዙ ናቸው፤ ልክም ናቸው፣ ግን ለሁሉም አይሠራም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በአክብሮት የመስተናገድ፣ ጉዳት ሲደርስበት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሸማች ያለው ግን ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። አዘዞ ልጆቹ ለትምህርት እንዲጠቀሙበት ያስገባ አባት በዚህ ጥላ ሥር ነው። ለጥምቀት ከየአገሩ የሚመጣ እንግዳ የሚያርፍባቸው፣ ያለ ዋይፋይ አልጋ የማይከራይላቸው የፒያሳዋ ባለ ፔንሲዮን ግን መስመሩን ያስገቡት ለንግድ ስለሆነ በዚህ አዋጅ መሟገት ይከብዳቸዋል። እሳቸውን የሚጠብቃቸው የፍትሐ ብሔር ሕጉና የቴሌኮም ተቆጣጣሪው መመሪያ ነው። በአንድ ፎቅ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት መስመር ይዘው የተለያየ መብት ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው።

ውጭ ዘመድ ያለው ሰው «እንግሊዝ አገር ዋጋ ከጨመሩብህ ትተህ ትወጣለህ» ሲል መስማት የተለመደ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ኮሙዩኒኬሽን ሕግ በአንቀጽ 105 የሚከተለውን ያዛል። አቅራቢው የውል ሁኔታን ሲቀይር ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ግልጽ በሆነ ቋንቋ ማሳወቅ አለበት፤ ደንበኛውም ያለ ተጨማሪ ወጪ ውሉን የማቋረጥ መብት አለው። ይህ የማይሠራው ለውጡ ሙሉ በሙሉ ለደንበኛው ጥቅም ሲሆን፣ ደንበኛውን የማይጎዳ የአስተዳደር ማስተካከያ ብቻ ሲሆን፣ ወይም በቀጥታ ሕግ ያስገደደው ሲሆን ነው። እንግሊዝ ደግሞ ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ጀምሮ በሚፈረሙ አዳዲስ ውሎች ውስጥ በውሉ መካከል የሚመጣ ጭማሪ ከዋጋ ግሽበት ጋር ተያይዞ እንዳይሰላ ከልክላ፣ ጭማሪ ካለ በገንዘብ መጠኑ ከመጀመሪያው እንዲጻፍ አድርጋለች።

ከእነዚህ ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚያስተምረን «ሙሉ በሙሉ ለደንበኛው ጥቅም» የሚለው መለኪያ ይመስለኛል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የብሮድባንድ ታሪፍን በ54 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ ሲቀንስ ማንም «ውሌን ያለ እኔ ፈቃድ ለወጣችሁብኝ» ብሎ አልከሰሰም፤ መክሰስም አያስፈልግም ነበር። አስቸጋሪው ቅልቅሉ ነው። «ፍጥነትዎን በእጥፍ አሳድገንልዎታል» ተብሎ ዋጋውም አብሮ ከፍ ሲል ስጦታ ይመስላል። ኢሜይል ለሚልክና ቪዲዮ ለሚያይ አንድ ቤተሰብ ግን የተጨመረው ፍጥነት ጥቅም የለውም፤ የሚሰማው የዋጋው ጭማሪ ብቻ ነው። በአውሮፓው መለኪያ ይህ ለውጥ «ሙሉ በሙሉ ጥቅም» አይባልም፤ የመውጣት መብት ያስገኛል። በእኛም ሕግ ቢሆን አዲስ ዕቃ በአዲስ ዋጋ ማቅረብ ነው፤ አዲስ ሐሳብ ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል። ደንበኛው «የድሮው ጥቅሌ ይቀጥልልኝ» ቢል ያልተገባ ጥያቄ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ለይተን እንያዝ። የግብር ለውጥ የውል ለውጥ አይደለም። ሂሳቡ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ መንግሥት ግብር ቢጨምር አቅራቢው ሰብሳቢ እንጂ ወሳኝ አይደለም። ስለዚህ ጭማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የታክሱን መስመር ከዋጋው መስመር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የተነገራችሁ ዋጋ ታክስን ይጨምር አይጨምር እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ በየወሩ «ዘረፉኝ» ከማለት ያድናል።

አሁን ወደ ጎንደር። የመውጣት መብት ዋጋው መውጫ ሲኖር ነው። አከራይ ኪራይ ሲጨምር ተከራይ «እለቃለሁ» ማለቱ ጉልበት የሚኖረው ሌላ የሚከራይ ቤት ካለ ነው፤ ከሌለ ጨምሮ ይቀመጣል። ሳፋሪኮም ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል፤ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ ራውተርም ለብዙ ቤት አማራጭ ሆኗል። ቤት ድረስ በሚገባው በመዳብ ወይም በፋይበር መስመር በኩል ግን በተግባር የምናውቀው አንድ አቅራቢ ነው። የሞባይሉና የገመዱ መስመር ደግሞ ምን ያህል የተለያዩ እንደሆኑ ይህ ከተማ በተለየ ሁኔታ ያውቀዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ፣ ሰው ዓይኑን የጣለው በገመድ ወደሚመጣው መስመር ነበር። ቋሚ መስመሩን «ዋጋው ስለጨመረ ትቼዋለሁ» ብሎ ወደ ሞባይል ራውተር መሄድ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢደገም ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ለዚህ ነው ለጎንደር ደንበኛ ያለ ቅጣት የመውጣት መብት ብቻውን አይበቃም የምለው። እዚህ የበለጠ የሚጠቅመው ሳይወጡ የድሮውን ሁኔታ ይዞ የመቆየት መብት ነው፤ ቢያንስ አስቀድሞ የተከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ፣ ቢያንስ አንድ ወር ማስታወቂያ ተሰጥቶ። ባለሥልጣኑ ግፊት ሊደረግበት የሚገባውም በዚህ ላይ ነው።

ከዋጋው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መልእክት እንኳ የማይላክበት ለውጥ ነው። «አንሊሚትድ» ተብሎ የተሸጠ ጥቅል የሆነ መጠን ካለፈ በኋላ ፍጥነቱ እንዲወርድ ይደረጋል። ብልሽት በስንት ሰዓት ይጠገናል የሚለው ይለወጣል። ሞደሙ ከአቅራቢው በነፃ መሰጠቱ ቀርቶ ደንበኛው እንዲገዛ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ የውል ለውጦች ናቸው። ተቆጣጣሪው ያጸደቀው ታሪፍ ለእነዚህ ሽፋን አይሆንም፤ «ዐውቀው ተቀብለዋል» ለማለትም ማስረጃ የለም። ደንበኛው ሙግት ቢገጥም የተሻለ የሚቆምበት መሬት እዚህ ጋ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙ የማይጮህበትም እዚሁ መሆኑ ነው፤ 200 ብር ሲጨመር ሁሉም ያያል፣ ፍጥነት በግማሽ ሲወርድ ግን «ዛሬ ኔትወርኩ ደክሟል» ተብሎ ይታለፋል።

ፍጥነት ቀንሷል ለማለት ግን አለካክን ማወቅ ይጠይቃል። 10 ሜጋ የተባለው ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው፤ ፋይል ስታወርዱ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ሜጋ ባይት ነው፣ 8 ቢት ደግሞ አንድ ባይት ነው። ስለዚህ 10 ሜጋ ቢት መስመር ላይ 1.25 ሜጋ ባይት በሰከንድ ማየት ትክክለኛ እንጂ ጉድለት አይደለም። የጎንደር የቆዩ የድንጋይ ቤቶች ደግሞ ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ከሳሎን ጓዳ እስኪደርስ የዋይፋይ ኃይል ይዳከማል፣ ጥፋቱም የአቅራቢው አይደለም። መለካት ያለበት ኮምፒውተሩን በኬብል ከሞደሙ ጋር በቀጥታ አገናኝቶ፣ ሌሎች ስልኮችን አጥፍቶ፣ በተለያየ ሰዓትና በተለያየ ቀን ነው። ውጤቱን ቀኑ እንዲታይ አድርጎ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ከዚያ ምን ይደረጋል? 994 መደወል ጥሩ ጅማሮ ነው፤ የቅሬታ ቁጥር እንዲሰጣችሁ ጠይቃችሁ ጻፉት። ግን በስልክ አትቁሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት አንዱ ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ በመርህ ደረጃ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያው ደግሞ በኋላ ተፈልጎ የሚገኝ መሆን አለበት። አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል፤ የአገልግሎት ቁጥሩ፣ ውሉ የተፈረመበት ቀን፣ የተቀየረው ነገር፣ ለውጡን እንዳልተቀበላችሁት የሚገልጽ ግልጽ ዐረፍተ ነገር፣ የምትፈልጉት መፍትሔና መልስ የምትጠብቁበት ቀን። በሁለት ኮፒ ወስዶ አንዱ ላይ «ደርሶናል» አስብሎ ማኅተም ማስመታት ነው። ክፍያ ማቆም አልመክርም፤ መስመሩ ይቋረጥና ክርክሩ ወደ ዕዳ ይለወጣል። ይልቅ ደብዳቤው ላይ «ልዩነቱን የምከፍለው መብቴን ጠብቄ፣ ተቃውሞዬን ሳልተው ነው» ብሎ መጻፍ ቅድም ያነሣነውን የዝምታ ወጥመድ ይዘጋል። የኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣኑ የተጠቃሚዎች መብት መመሪያ ቅሬታው መጀመሪያ ለአቅራቢው እንዲቀርብ፣ እዚያ ካልተፈታ ወደ ባለሥልጣኑ እንዲሄድ መንገድ ይከፍታል። ያ ማኅተም ያለው ኮፒ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የጎንደር ግቢ ኑሮ የሚፈጥረው አንድ ጉዳይ ይቀራል። በአንድ ግቢ ውስጥ አከራዩ መስመር አስገብተው አራት አምስት ተከራይ በየወሩ እያዋጣ ይጠቀማል። ተማሪው፣ ነርሷ፣ ሹፌሩ ሁሉም ይከፍላሉ፤ ውል ያላቸው ግን አከራዩ ብቻ ናቸው። አቅራቢው ሁኔታውን ሲቀይር ለተከራዮቹ የሚያሳውቅበት ምክንያት የለም፣ እነሱም በራሳቸው ስም ሊሟገቱት አይችሉም። አከራዩም ቢሆኑ የሚያዋጡትን ሰዎች በደብዳቤያቸው ላይ ባይጠቅሱ ይሻላቸዋል። ቢል መጋራት ሌላ ነው፣ አትርፎ መሸጥ ሌላ ነው፤ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት በአዋጅ ቁጥር 761/2004 ወንጀል ነው፣ ውሉም ለሌላ አሳልፎ መሸጥን ሊከለክል ይችላል። ተከራዮቹ ዋስትና ከፈለጉ የኪራይ ውላቸው ላይ ኢንተርኔት በኪራዩ ውስጥ መካተቱን፣ ዋጋው ሲለወጥ ድርሻቸው እንዴት እንደሚሰላ ማስጻፍ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ውሉን ማቋረጥ ግድ ከሆነም በቃል ብቻ አይደረግ። የጊዜ ገደብ የሌለውን ውል በማስታወቂያ ማቋረጥ ይቻላል፤ የጊዜ ገደብ ካለው ግን የምትወጡት ለውጡን ባለመቀበላችሁ መሆኑን ማመልከቻው ላይ ጻፉ፣ ያለዚያ እናንተ እንዳፈረሳችሁት ተቆጥሮ ቅጣት ሊጠየቅባችሁ ይችላል። አስቀድማችሁ የከፈላችሁት ቀሪ ቀን ካለ ተመላሽ ጠይቁ። ሞደሙ የአቅራቢው ከሆነ መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት የርክክብ ወረቀት ሳትቀበሉ አታስረክቡ፤ ሂሳቡ የተዘጋበትን ማረጋገጫም በዚያው ቀን ውሰዱ።